ጌቲስበርግ ወይስ ሁለተኛው ቃለ መሐላ?

ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ንግግሮች የትኛው ይበልጣል? ብዙ ሰው በጦር ሜዳዋ ከተማ በጌቲስበርግ ያደረገውን የ1863ቱን (እ.ኤ.አ.) ንግግር ይመርጣል፤ አይፈረድበትም። ርዝመቱ 270 ቃላት ገደማ ነው። ከእሱ በፊት በዚያው መድረክ ዝነኛው ተናጋሪ ኤድዋርድ ኤቨረት ሁለት ሰዓት ያህል ተናግሮ ነበር፤ ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? ግን «ባርነት» የሚለው ቃል በሊንከን ንግግር ውስጥ አንዴም የለም።

እኔ የማደላው ለሁለተኛ የፕሬዚዳንትነት ዘመኑ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ላደረገው የ1865ቱ (እ.ኤ.አ.) ንግግር ነው። ዋሽንግተን በዝናብ ጨቅይታለች። ሊንከን የጦርነቱ መንስኤ ባርነት መሆኑን በግልጽ ተናገረ። ሁለቱም ወገኖች፣ ሰሜኑም ደቡቡም፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ ወደ አንድ አምላክ ይጸልያሉ አለ። በጅራፍ የፈሰሰው ደም በሰይፍ እስኪከፈል ጦርነቱ ቢቀጥል እንኳ የአምላክ ፍርድ ትክክል ነው አለ። ድል ደጃፉ ላይ ደርሶ፣ ፉከራ የለ፣ ቀረርቶ የለ! ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ማታ ዋይት ሀውስ ሲያገኘው «ቅዱስ ጥረት ነበር» አለው።