ለጅማ መናፈሻ የትኛው ጃንጥላ ይሻላል? ረጅሙ ወይስ ተጣጣፊው

ጅማ ውስጥ በመናፈሻ የሚያልፍ ሰው የሚሰጋባቸው ነገሮች ይታወቃሉ፤ ባለቤት የሌለው ውሻ፣ ሳይታሰብ የሚወርድ ዝናብ፣ ዝናቡ ያሟለጨው ቀይ አፈር፣ ፌስታል የሚቀማ ጦጣ፣ ስልክ የሚመነትፍ ሌባ። ከተማዋ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስለምታገኝ ጃንጥላ ለማንኛውም ከእጅ አይጠፋም። እንግዲያው ሲገዛ ዝናቡን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም ስጋት አስቦ መምረጥ ነው። ገበያ ላይ ያለው በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፤ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ተጣጣፊና እጀታው ቆልመም ያለው ረጅሙ። ለመናፈሻ ያለ ጥርጥር ረጅሙ ይበልጣል።

ትልቁ ምክንያት ውሻ ነው። ውሻ ፊት ለፊት ሲመጣ እግሬ አውጪኝ ማለት እንዲያባርር መጋበዝ ነው። ቆም ብሎ፣ ጎን ሰጥቶ፣ ዓይኑ ላይ ሳያፈጡ የተዘጋውን ጃንጥላ ጫፉን ወደ መሬት አድርጎ በራስና በውሻው መሃል መያዝ ይበቃል። እየጮኸ ከቀረበ ወደ እሱ አዙሮ መክፈት ነው። በአንድ ጊዜ የሚዘረጋው ጨርቅ ብዙውን ውሻ ያስደነግጠዋል፤ ባይደነግጥ እንኳ ጥርሱ ከእግር በፊት ጨርቁን ያገኛል። ከዚያ ጀርባ ሳይሰጡ፣ ጃንጥላውን ሳያጥፉ፣ ቀስ እያሉ ማፈግፈግ። ተጣጣፊው እዚህ ላይ አያዋጣም። ከሽፋኑ እስኪወጣና ማሰሪያው እስኪፈታ ውሻው ደርሷል፤ ዘንጉም እርስ በርሱ የሚገባ ቱቦ ስለሆነ ከፊት ሲገፋ ተመልሶ ይሰበሰባል። ረጅሙ ግን ቁልፉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ወዲያው ይከፈታል፤ ውሻ በሚበዛበት በኩል ሲያልፉ ማሰሪያውን አስቀድሞ መፍታት ብቻ ነው። በጃንጥላ መምታት ግን ፈጽሞ አይገባም። ለመሸሽ ያሰበውን ውሻ ወደ መንከስ ይገፋዋል፣ ሽቦውም ይጣመማል።

ውሻ ከነከሰ ወይም ቆዳ ከቧጠጠ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጠየቅ ያስፈልጋል። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ማዳን አይቻልም ለማለት ይቻላል፤ ባህላዊ መድኃኒት እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል።

ሲገዙ ሱቁ ውስጥ ከፍቶ ማየት ነውር የለውም። የተለመደው ረጅም ጃንጥላ 8 ሽቦ አለው፤ የእያንዳንዱ ርዝመት ወደ 58 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ተጣጣፊው ወደ 53። ዘንጉ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ 8 ሚሊ ሜትሩ ነፋስ ሲመታው ይለመጣል። ሽቦዎቹ ፋይበር ግላስ ከሆኑ በእጅ ሲለምጧቸው ተመልሰው ይቀናሉ፤ ስስ ብረት ከሆኑ እንደታጠፉ ይቀራሉ። ከፍተው ሦስት አራት ጊዜ ነቅነቅ ያድርጉት፤ እጀታው ከዘንጉ ጋር ከተንገጫገጨ ማጣበቂያው ደካማ ነው፣ እሱን ይተዉት። ጨርቁን ብርሃን ላይ ዘርግቶ ስፌቱን ማየትም ያስፈልጋል። በቶሎ የሚለቀው ጨርቁ ከሽቦው ጫፍ ጋር የተሰፋበት ቦታ ነው፤ እሱን ግን በወፍራም ክር ቤት ውስጥ መስፋት ይቻላል። ቁልፉ ተጭነውት የማይመለስ ከሆነ ሞላው ደክሟልና በነፃ ቢሰጡዎትም አይጠቅምም።

ረጅሙን እንደ ምርኩዝ መጠቀም ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። በቀዩ ጭቃ ላይ ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ይረዳል፤ ሙሉ ክብደት ከጣሉበት ግን ዘንጉ ይጎብጣል፣ ከዚያ በኋላ ጃንጥላውን ለመክፈትና ለመዝጋት ዘንጉ ላይ የሚንሸራተተው ቀለበት አይወጣም አይወርድም። ጫፉ ባዶ ብረት ከሆነ ደግሞ እርጥብ ንጣፍ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። የጎማ ቆብ ማልበስ ይህን ያስቀራል። ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ግን ጃንጥላ የከዘራን ቦታ አይተካም።

ጦጣ ላይ ጃንጥላ መሰንዘር ነገር ማባባስ ነው። ነጭና ጥቁሩ ጉሬዛ ዛፍ ላይ ቅጠሉን ይበላል እንጂ ሰው እጅ ላይ አይመጣም፤ የሚደፍረው ጦጣው ነው፣ እሱም የሚያየው ፌስታሉን ነው። ሙዝና ዳቦ ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

ከሌባም አያድንም፣ እንዲያውም ያጋልጣል። በአንድ እጅ ጃንጥላ፣ በሌላው ስልክ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚከላከልበት እጅ የለውም፤ ጨርቁ ወደ ፊት ዝቅ ሲል ደግሞ ከጎን የሚመጣውን አያይም። ዝናብ ላይ ስልኩን ውስጥ ኪስ ከትቶ፣ ጃንጥላውን ዓይንን በማይከልል መጠን ከፍ አድርጎ መሄድ ነው።

መብረቅ ሲመጣ ጃንጥላው መፍትሔ አይሆንም። ሜዳ ላይ የተከፈተ ጃንጥላ ሰውን ያስረዝመዋል፣ ትልቅ ዛፍ ሥር መጠለል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ብልጭታው ከታየ ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠሩ፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ወደ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል። 30 ሳይሞላ ከተሰማ በቅርብ ያለ ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት። ዝናቡ ሲያባራ ወደ አዌቱ ወንዝ ዳር አለመጠጋት ይመከራል፤ ላይ የዘነበው ውኃ ዘግይቶ ይደርሳል፣ የወንዙ አፋፍም ከሥሩ ተቦርቡሮ ሊናድ ይችላል።

ቤት ሲደርሱ ረጅሙን እርጥብ እንደሆነ ጠቅልለው በር ጀርባ አያቁሙት። ጥላ ውስጥ ተከፍቶ ይድረቅ፤ በወር አንድ ጊዜ የሽቦዎቹ መገጣጠሚያ ላይ አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያድርጉበት። በጅማ እርጥበት ቀድሞ የሚዝገው እሱ ነው፤ የዛገ ጃንጥላ ደግሞ ውሻ ፊት ቁልፉን ሲጫኑት ግማሽ ተከፍቶ ይቀራል።