የተናቀው 2002 ወይስ የተሞገሰው 2003? ሁለት የፖያክ ወይኖች ጎን ለጎን

እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጠርሙሱ ላይ የምታዩት ቁጥር ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ነው፤ በፈረንሳዩ የወይን አገር ቦርዶ ደግሞ ያ ቁጥር ዋጋውን ከሻቶው፣ ማለትም ወይኑን ከሚያመርተው ርስት፣ ስም ባልተናነሰ ይወስነዋል።

ባለፈው ወር ወዳጄ ቤት ሁለት ጠርሙስ ከፈትን። ሁለቱም ከቦርዶው ፖያክ መንደር፣ ያውም ከአንድ ሻቶ ናቸው፤ ሻቶው የቦርዶን ስመ ጥር ሻቶዎች በአምስት ደረጃ በከፈለው የ1855 ምደባ አምስተኛ ደረጃ ከተሰጣቸው አንዱ ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ገበያ ላይ ግን የ2003 ዋጋ ብዙ ጊዜ ከ2002 ይበልጣል።

የሚወደድበትን ምክንያት ለማወቅ ወይኑ መቼ እንደሚዳኝ ማየት ነው። የቦርዶ ሻቶዎች ወይናቸውን ለተቺዎች የሚያስቀምሱት ከለቀማው በኋላ በሚመጣው ጸደይ፣ ገና በርሜል ውስጥ ሳለ ነው። በእኛ አነጋገር ጉሹን ነው የሚያቀምሷቸው። ተቺው ነጥብ ይሰጣል፣ በነጥቡ ዋጋ ይቆረጣል፣ ገዢውም ወይኑ ጠርሙስ ሳይገባ ገንዘቡን ይከፍላል። በጉሽ የተሰጠ ፍርድ ደግሞ ይስታል። 1975ን ብዙ ዘመን ይቆያል ብለው አወድሰውት ነበር፤ ብዙው ግን ድድ የሚይዘው ታኒኑ ሳይለዝብ የፍሬ ጣዕሙ ቀድሞ ደረቀ። 1982ን አሜሪካዊው የወይን ተቺ ሮበርት ፊኒጋን አይቆይም ብሎ ሲያጣጥለው የአገሩ ልጅ ሮበርት ፓርከር ታላቅ ዓመት ነው አለ። የፓርከር ስም የገነነው በዚያ ነው።

2002 ላይ የቀረበው ክስ ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። በአበባው ወቅት አየሩ ስለቀዘቀዘ ብዙ አበባ ፍሬ ሳይይዝ ረገፈ፤ በተለይ ሜርሎ የሚባለው የወይን ዘር ክፉኛ ተጎዳ። ኦገስትም ብርዳማ ነበር። ሴፕቴምበር ሲጋመስ ግን ሰማዩ ጠራ፣ ደረቅ ፀሐይ ወጣ። ዘግይቶ የሚበስለው ሌላው ዘር፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ያንን ፀሐይ አገኘ፤ ፖያክ ደግሞ የካቤርኔ አገር ነው። ያም ሆኖ ዓመቱ ዕድል አልነበረውም። በ2003 ጸደይ የኢራቅ ጦርነት ሲጀመር ፓርከር ቦርዶ ሳይሄድ ቀረ፤ ወይኑ ገበያ የወጣው ከሁሉ የሚሰማው ሰው ሳይናገርለት ነው።

2003 የዚያ ግልባጭ ነው። አውሮፓን ያቃጠለው የበጋ ሙቀት ወይኑን በጥድፊያ አበሰለው፣ አሲዱንም አወረደው። ተቺዎችን ለሁለት የከፈለውም ይኸው ዓመት ነው፦ በቦርዶ የሳንት ኤሚልዮን መንደሩን ሻቶ ፓቪ ፓርከር ሰማይ ሲያደርሰው እንግሊዛዊቷ ተቺ ጃንሲስ ሮቢንሰን ከ20 የሰጠችው 12 ነበር። ፖያክና ጎረቤቱ ሳንት ኤስቴፍ ግን ከጠጠሩ ሥር ያለው ሸክላ አፈር ውሃ ስለያዘላቸው ከሌላው ተሽለው ወጥተዋል።

ወደ ብርጭቆው ልመለስ። 2003 ገና ሲቀዳ ቤቱን በመዓዛ ሞላው፦ ተምር፣ የደረቀ ፕለም፣ ቸኮሌት። አፍ ላይ ለስላሳና ወፍራም ነው፤ ስትውጡት አልኮሉ ጉሮሮ ላይ ይሞቃል። መጀመሪያ ወደድኩት፤ መደበቅ አያስፈልግም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ያው ጣፋጭነት ብቻ ቀረ፤ ሁለተኛውን ብርጭቆ አልጨረስኩትም።

2002 መጀመሪያ አልናገርም አለ። ጠርዙ የጡብ መልክ ይዟል፣ ሽታው ዝግ ነው፣ ታኒኑም ያልበሰለ ሙዝ እንደነከሱ ድድ ይይዛል። ወዳጄ «ተወው፣ ይተንፍስ» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መጀመሪያ የመጣው የተቀረጸ እርሳስ ሽታ ነው፤ ትምህርት ቤት መቅረጫ ውስጥ የሚቀረው ዓይነት። ቀጥሎ የትምባሆ ቅጠል፣ ከዚያ ዝናብ የነካው አፈር። ጎምዘዝ ያለው ጣዕሙ ምራቅ ስለሚጠራ ጥብሱን ደጋግመን ጎረስን። ሦስተኛው ሰዓት ላይም ገና ይለዋወጥ ነበር።

እንግዲህ የቱን ትግዙ? ወይኑን ዛሬውኑ፣ ያለ ምግብ፣ ለእንግዳ መቀበያ ከፈለጋችሁት 2003 አያሳፍራችሁም፤ ብቻ አታቆዩት። ከምግብ ጋር ቀስ ብሎ ለሚጠጣ ግን ገንዘቤን 2002 ላይ አውላለሁ፤ የፖያክ ወይም የጎረቤቱ የሳን ዡሊየን ቢሆን። ከጂሮንድ ወንዝ ወዲያ ማዶ ያለውን፣ በሜርሎ የሚሠራውን የቀኝ ዳርቻ 2002 ግን ሳልቀምስ አልገዛም። ምግቡም በርበሬ ያልበዛበት ጥብስ ይሁን፤ ቀይ ወጥ ይህን ወይን ያጠፋዋል።

ከዓመቱ በላይ የሚያሳስበኝ አቀማመጡ ነው። አንዴ ስሙን ከማልጠራው ሱቅ የገዛሁት ያረጀ ቦርዶ መብራት ሥር ቆሞ የከረመ ኖሮ፣ ቡሹ ተፈርፍሮ ወይኑ ኮምጣጤ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንሡና ወይኑ የት ድረስ እንደደረሰ እዩ። አንገቱ ላይ ከሆነ ደግ ነው፤ ከትከሻው በታች ከወረደ አየር ገብቶበታል፣ ተዉት። ቡሹ በዚህ ዕድሜ ስለሚላላ በጠመዝማዛው ሳይሆን በባለ ሁለት ምላሱ መክፈቻ ይወጣል። ከመክፈታችሁ አንድ ቀን በፊት አቁሙት፤ አተላው ይዘቅጣል። ስትቀዱም በዝግታ ነው፤ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ።

ወዳጄ ከ2002 ሁለት ጠርሙስ ቀርቶታል። አንዱን ለፋሲካ ጠይቄዋለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።