ለእህቴ ሌሊት ብለው ቀኗን ላስተካከሉልን ሲስተር ምስጋና፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ ተኝቶ ተኝቶ ደክሞት የሚነሳ ሰው ላለባቸው ቤተሰቦች ነው። ደሴ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄዱ ሕመምተኛ የሚከታተሉ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ። ታናሽ እህቴን ለወራት ተከታትለውልናል። እኛ ቤት "ሲስተር" ነው የምንላቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጽፈውም። የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ።

እህቴ አስተማሪ ናት። ኃይለኛ ጉንፋን የመሰለ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቃት፣ ድካሙ ግን አልለቅ አላት። አንዱ ጋ ስንሄድ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ ሌላው ጋ ታይፈስ፣ ሌላው ጋ ጨጓራ። በመጨረሻ አንድ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ረጋ ብሎ አዳመጣት። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ አዘዘላት። ያንን ሁሉ አይቶ ነው "ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም" ያለን፤ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ማለት ነው። ኤምኢ ተብሎም ይጠራል።

ይህን በሽታ ብቻውን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ እስካሁን የለም። ሐኪም የሚደርስበት ምልክቶቹን አይቶ፣ ሌላ ሊሆን የሚችለውን አንድ በአንድ እያስወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው መስፈርት ሦስት ነገሮች የግድ መኖር አለባቸው። አንደኛው ከ6 ወር በላይ የቆየና የለመዱትን ኑሮ የሚያስተጓጉል ድካም ነው። ሁለተኛው ትንሽ ከለፉ በኋላ የሚመጣ መባባስ ነው። ሦስተኛው የማያሳርፍ እንቅልፍ ነው። በዚህ ላይ የማሰብና የማስታወስ ችግር፣ ወይም ቆሞ መቆየት አለመቻል ይጨመራል። እንግዲህ እንቅልፉ የበሽታው አንድ አካል ነው። የእህቴ ስንፍና አይደለም።

እንቅልፏ እንዲህ ነበር። ማታ ድካም ይጥላታል። ጎኗ አልጋ ሲነካ ግን ዓይኗ ፍጥጥ ይላል፣ ልቧ ድው ድው ይላል። እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ስትገላበጥ ትቆያለች። ሊነጋጋ ሲል ይወስዳትና እስከ እኩለ ቀን ትተኛለች። አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ሌሊቱንም ቀኑንም ትተኛለች። በሁለቱም ስትነሳ ያው ናት። ሰውነቷ ይዝላል፣ ጉሮሮዋ ይከረክራታል፣ የምትናገረው ቃል ይጠፋባታል። ይህን ላላየ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። "ስትተኛ ውላ ምን ያደክማታል?" ይላል የመጣው ሁሉ።

ሐኪሙ ነው ሲስተርን የጠቆመን። መጀመሪያ የመጡ ቀን ምንም ዕቃ ሳያወጡ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብለው ጠየቋት። ከስንት እስከ ስንት ሰዓት አልጋ ላይ ነሽ? ከዚያ ውስጥ እንቅልፍ የያዘሽ ስንቱን ነው? ትናንት ምን ሠራሽ? ከትናንት ወዲያስ? ከዚያ ወደ እማማ ዞሩ፤ አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት። ታንኮራፋለች? ትንፋሿ ቆም ብሎ በድንገት ይመለሳል? እግሯን ታወራጫለች? ይህን ሁሉ እስከዚያ ቀን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ማንኮራፋትና የትንፋሽ መቋረጥ ካለ ራሱን የቻለ የእንቅልፍ በሽታ ሊሆን እንደሚችልና እሱም ሕክምና እንዳለው አስረዱን። አንድ በሽታ ተገኘ ማለት ሌላ የለም ማለት እንዳልሆነ ደጋግመው ይናገራሉ።

እህቴ አታንኮራፋም። እግሯ ግን ሌሊት አርፎ አያውቅም። "ውስጥ ውስጡን ይወረኛል፣ ካላንቀሳቀስኩት አያስችለኝም" አለች። ሲስተር ይህን ጽፈው ለሐኪሙ ላኩለት። ፌሪቲን የሚባል፣ ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳይ ምርመራ ታዘዘላት። ዝቅ ብሎ ተገኘ። ብረቱን ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት መውሰድ ከጀመረች በኋላ የእግሩ ነገር ቀስ በቀስ ቀለላት። ድካሙን አላጠፋውም፤ ሲስተርም ያጠፋዋል ብለው ቃል አልገቡልንም። ግን አንድ የሌሊት ጠላት ተቀነሰ።

ዘመድ ወዳጁ "ግሉኮስ ይሰቀልላት" ብሎ ወጥሮን ነበር። ሲስተር እምቢ አሉ። "ትበላለች፣ ትጠጣለች። ግሉኮስ ለዚህ ምን ያደርግላታል? ገንዘባችሁን ለምርመራው አስቀምጡት" አሉ። ቢሰቅሉት እኮ ይከፈላቸው ነበር። ጎረቤት አዝኖ ያመጣልንን የእንቅልፍ ክኒንም ሐኪሙ ሳያየው እንዳትነካው አደረጉ። ዲያዜፓም ነበር። ሰውነት ይለምደዋል፣ ከለመደ በኋላ ድንገት ማቆምም አደጋ አለው። በኋላ ሐኪሙ ራሱ ሌላ መድኃኒት በጣም በትንሹ ጀመረላት። ይህ ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒት ቶሎ ስለሚከብደው ከትንሹ መነሳት ይሻላል ብሎናል።

ከሁሉም የማመሰግንበት ግን ደብተሩ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር አምጥተው መስመር አሰመሩበት። የተኛችበት፣ የነቃችበት፣ ቀን የሠራችው፣ የመጣ እንግዳ፣ የጠጣችው ቡና፣ ሁሉም ይጻፍ አሉ። እሷ ሲያቅታት እኔ እጽፋለሁ። ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው አብረውን ሲያነቡት ነገሩ ወጣ። እሑድ እንግዳ በዛ። ሰኞ ደህና ነበረች። ማክሰኞ ሌሊት ዓይኗን አልከደነችም፣ ረቡዕ ጭራሽ መነሳት አቃታት። ፀጉሯን ከታጠበችበት ቀን በኋላም እንደዚያው። ለቅሶ ደርሳ ከተመለሰች በኋላም እንደዚያው። የዚህ በሽታ መባባስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልፋቱ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ሌሊት ስትቸገር እሑድን የሚያስታውስ አልነበረም። "ይሄ ቀዳዳ እንስራ ነው፤ ሌሊት ብትሞሉት ቀን ያፈሰዋል። መጀመሪያ ቀዳዳውን እንድፈን" አሉ ሲስተር።

ከዚያ ጀምሮ ሥራው ቀን ላይ ሆነ። ሳይደክማት በፊት ማረፍ ጀመረች። አንድ ነገር ትሠራለች፣ ከዚያ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ስልክ ርቆ፣ ዓይኗን ጨፍና ጋደም ትላለች። የምትነሳበት ሰዓት በአንድ ጊዜ አልተቀየረም፤ በየጥቂት ቀኑ ሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት ወደ ጠዋት ተሳበ። ስትነሳ በረንዳ ላይ ፀሐይ ታገኛለች። ማታ አልጋዋ ሳይቀዘቅዝ እንዲጠብቃት ሙቅ ውሃ በጠርሙስ እናስገባላታለን፤ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ለሚሰማው ድምፅ ደግሞ ከፋርማሲ የጆሮ መድፈኛ ገዛንላት።

ከባዱ የቡናውና የጠያቂው ነገር ነበር። እኛ ቤት ከሰዓት ቡና ሳይፈላ አይዋልም። ሲስተር ቡናውን አልከለከሉም። ካፌይን ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ እንዳለ ለእማማ አስረዷትና ቡናችን ወደ ጠዋት ዞረ። እህቴ አቦሉን ከሰው ጋር ትጠጣለች፣ ከቶናው በፊት ወደ ክፍሏ ትገባለች። ጠያቂን መመለስ ግን በእኛ አገር ነውር ነው። የታመመ ሳይጠይቁ መቅረትም ነውር ነው። ሰው የሚመጣው ወዶን ነው፤ እሷ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጋር ተቀምጣ ስታወራ ውላ ከሁለት ቀን በኋላ ትወድቃለች። ሲስተር አንድ ጠዋት ጎረቤቶቻችንን በቡናው ላይ አገኟቸው። "ልጅቷን የምትወዷት ከሆነ ለእናቷ ዱዓ አድርጋችሁላት ሂዱ፤ እሷን ለማየት ስትሉ አታስነሷት" አሏቸው። እኛ ብንለው ኩራት ይመስል ነበር። እሳቸው ሲሉት ተቀባይነት አገኘ። አሁን ጎረቤቶቻችን መጥተው ከእማማ ጋር ተቀምጠው ይሄዳሉ፤ አንዳንዷ እንዲያውም ምሳ ሠርታ ታመጣለች።

ሲስተር የልብ ምቷን መጀመሪያ ተኝታ፣ ከዚያ ቆማ እስከ 10 ደቂቃ ለኩላት። ስትቆም በጣም ይጨምር ነበር። አዋቂ ሰው ቆሞ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምቱ በደቂቃ ከ30 በላይ ከጨመረና እንደዚያው ከቆየ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ይህንንም ለሐኪሙ አደረሱት። ሻወር ውስጥ በርጩማ አስገቡላት። ለእኛ ትንሽ ነገር ነበር፣ ለእሷ ግን ቁጭ ብሎ መታጠብ ማለት የዚያን ሳምንት እንቅልፍ ማትረፍ ነው።

"ስፖርት ሥሪ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ውጪ፣ ይለቅሻል" ለሚሏት ሁሉ መልስ የሰጡትም እሳቸው ናቸው። በየቀኑ እየጨመሩ የማሠራቱ ዘዴ ድሮ በውጭ አገርም ይታዘዝ ነበር። የእንግሊዙ ናይስ የሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለዚህ በሽታ እንዳይሰጥ ብሏል። እህቴን እኔ አይቻታለሁ፤ አንድ ቀን በግድ ከተራመደች ዋጋውን የምትከፍለው ሳምንቱን ሙሉ ነው።

ረመዳን ሲመጣ ስለ ሱሁር ተጨነቅን። እሷ መጾም ትፈልጋለች፤ ሌሊት መነሳቱ ደግሞ የተስተካከለውን እንቅልፍ ሊያፈርሰው ነው። ሲስተር ክርስቲያን ናቸው። "ይህን እኔ አልወስንም፤ የሐኪሙን ወረቀት ይዛችሁ ሼሁን ጠይቁ" አሉ። ሼሁም ለታመመ ሰው የተፈቀደውን ነገሯት፣ ልቧ አረፈ።

አሁን እህቴ ድናለች አልልም። ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ጠዋት ስትነሳ ዛሬም ትኩስ ሆና አትነሳም። ግን ሌሊቱ ሌሊት፣ ቀኑም ቀን ሆኗል። የወንድሜን ልጅ ጋደም ብላ ሒሳብ ታስጠናዋለች። እማማም ሌሊት ትተኛለች። ሲስተር፣ አላህ ይክፈልዎት። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ለምትጠሯቸው ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። መድኃኒት አያዙም፣ መርፌም ለለመናቸው ሁሉ አይወጉም። ከሐኪም ጋር ተነጋግረው ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ያየው ሰው ቢሆን ይመረጣል። ክብደት እየቀነሰ፣ ሌሊት እያላበው ወይም ደረቱን እየወጋው ያለ ሰው ካለ እሳቸውን ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት። ክፍያቸውን አስቀድመው ይናገራሉ፣ በኋላ አይጨምሩም። ኮምቦልቻ የሚወርዱት ቅዳሜ ነው፤ የሚኒባሱን ትራንስፖርት ጠሪው ይችላል። ስልክ የሚያነሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ከመደወላችሁ በፊት ደብተር ገዝታችሁ የሳምንቱን እንቅልፍና የቀን ውሎ ጻፉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።