ሲጮህ ገልብጪኝ፦ ቁልፍ ያለው የመድኃኒት ሳጥን፣ ከእናቴ ጋር ስምንት ወር

ስምንት ወር ተጠቅመንበታል፣ ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ዕቃው ሰዓቱ ሲደርስ እየጮኸ ኪኒን የሚያወጣ፣ በቁልፍ የሚዘጋ ክብ የመድኃኒት ሳጥን ነው። የገዛነው ለእናቴ ነው። ዕድሜዋ 78 ነው፣ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ እንዳለባት ከተነገረን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። የምትኖረው ብቻዋን ነው፣ እኔና እህቴ እየተፈራረቅን እንመላለሳለን። የአምራቹን ስም አልጠራም። የማማርርበት ነገር አለኝ፣ ደግሞም በዚህ ቅርጽ የሚሠሩት ብዙ ናቸው፣ አሠራራቸውም ያን ያህል አይለያይም።

ለቸኮለ ሰው፦ ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል። ተኩሏን ያገኛት በእናቴ እልህ ነው።

እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የሂሳብ ሠራተኛ ነበረች። ድምሩ አልገጥም ካላት እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ሐኪሙ የበሽታውን ስም በነገረን ቀን እኔና እህቴ መኪና ውስጥ ቃል አጥተን ስንሄድ፣ እሷ "ደብተር የሚሸጥበት ጋ አቁሙልኝ" አለች። ገዛች። ማታውኑ በማስመሪያ አሰመረችው፦ ቀን፣ መድኃኒት፣ ሰዓት፣ ምልክት። ማንም አላዘዛትም። ከዓመት በላይ ነገሩ ሳይዛነፍ የሄደው በዚያ ደብተርና በተራ የሰባት ቀን የፕላስቲክ ሳጥን ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ደብተሩን ስገልጥ አንድ መስመር ላይ ሦስት ራይት አየሁ። የደም ግፊቷ ኪኒን ነው። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ የነገውም የተነገ ወዲያውም ክፍል ባዶ ነው። "እማዬ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ነው የወሰድሽው?" ስላት "ራይት ካለበት ወስጃለሁ" አለችኝ ቆጣ ብላ። ልክ ነበረች! ሦስቱንም ወስዳለች፣ ሦስቱንም መዝግባለች። ያን ቀን ሐኪም ቤት ዋልን። ግፊቷ ወርዶ ነበር፣ ደግነቱ ከማዞር አላለፈም።

አንዳንድ ሰው "አስታውሺ ብለህ ምከራት" ይለኛል። ምክር አይሠራም። አልዛይመር ቀድሞ ከሚያጠቃቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ የሚባለው ነው፣ አዲስ የሆነውን ነገር ተቀብሎ የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ከአሥር ደቂቃ በፊት የዋጠችው ኪኒን መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም፣ ያልተመዘገበ ነገር ደግሞ ከየት ይታወሳል? በአንጻሩ እጅ በዓመታት የለመደው ሥራ የሚቀመጠው በሌላ የአንጎል ክፍል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ማስመር፣ መቁጠር፣ መመዝገብ። እናቴ ዛሬ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ አታውቅ ይሆናል፣ ደብተሯ ላይ ግን አንድም ጠማማ ዓምድ የለም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ውስጡ 28 ክፍል ያለው ክብ ትሪ አለ። በቀን አንዴ ለሚወስድ ሰው 28 ቀን ይሄዳል፣ በቀን ሁለቴ ከሆነ 14 ቀን። ሰዓቱ ሲደርስ ትሪው ይዞርና አንዱ ክፍል ቀዳዳው ላይ ይመጣል፣ ይጮሃል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አንስቶ መገልበጥ ነው፣ ኪኒኑ እጅ ላይ ይወድቃል፣ ጩኸቱም ይቆማል። ካልተገለበጠ የእኛው አንድ ሰዓት ይጠብቅና ይዘጋል፣ ያለፈው ኪኒን እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። እውነቱን ለመናገር ዋጋ የሚያወጣው በዚህ ብቻ ነው። ሊዘለል ይችላል፣ ሁለቴ ግን አይወሰድም።

ያመጣነው ቀን ቁልፉን ኪሴ ስከት አየችኝ።

"ማነው የቆለፈው?"

"እኔ ነኝ እማዬ።"

"ከማን?"

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። በዚያ ላይ አንድ ስህተት ጨመርኩበት፦ ከእንግዲህ ማሽኑ ስለሚቆጥር ደብተሩ አያስፈልግም ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ሳጥኑ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። አጠገቡ ጫፉ የተጣመመ ማንኪያ፣ አንድ መቀስና የመነጽሯ ቤት። የክዳኑ ጠርዝ ዙሪያውን ተፍቋል፣ አንድ ቦታ ላይ ነጭ እስኪሆን ድረስ። ጣቶቿን የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዛቸው ቆይቷል፣ የጠርሙስ ክዳን እንኳ የምንከፍትላት እኛ ነን፣ እና በእነዚያ ጣቶች ሌሊቱን ስትታገል አድራለች። አልከፈተችውም። አምራቹ "በቀላሉ አይከፈትም" ብሎ የጻፈውን በማንኪያ ፈትሻ አረጋግጣለችና እዚህ ላይ ነጥብ ይገባዋል። እኔ ተናደድኩ። እህቴ ግን ሳቀችብኝ፦ "አንተ ደግሞ! ሂሳቧን ቀምተሃት ትተኛለች ብለህ ነው?"

ደብተሩን መለስንላት። ትሪውንም አብረን መሙላት ጀመርን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፣ እኔ እከታለሁ፣ እሷ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ ጨርሼ ልዘጋ ስል እጄን ያዘች። "አንድ ጎድሏል" አለችኝ። አልጎደለም ብዬ ተከራከርኩ። ጣቷን ጨርቁ ላይ አድርጋ በካርቶኑ የነበረውን፣ ትሪው ውስጥ የገባውንና የቀረውን ደምራ አሳየችኝ። ማሽኑን ስገለብጠው አንዱ ክፍል ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ኪኒን ተደርቦ ወጣ። የከተትኩት እኔ ነኝ፣ ምንም የማይረሳው ሰውዬ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ እኔ ጋ ሆኖ እንኳ ስለ መቆለፉ አንስታብኝ አታውቅም።

አሁን ወደ ምሬቱ። ድምፁ! ቀጭን ጲጵ ጲጵ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ እንደሆነ ማንም የጆሮ ሐኪም ይነግራችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከዲሜንሺያ (አልዛይመርን የሚጨምር የመርሳት ሕመም) ጋር የሚኖሩትን ሰዎች 57 ሚሊዮን አድርሷቸዋል፣ ይህን ሁሉ ደንበኛ ይዞ ድምፁን በወጣት ጆሮ ብቻ የሞከረ አምራች ምን ይባላል? እናቴ ከጓዳ ሆና ጨርሶ አትሰማውም። ሳሎን ስትሆን ደግሞ ትሰማዋለች፣ ግን ስልክ ይመስላታል። እዚያው ተቀምጬ አይቻለሁ፦ ማሽኑ ይጮሃል፣ ስልኩን ታነሳለች፣ "ሃሎ? ሃሎ?" ትላለች፣ "ቆረጠው" ብላ ትዘጋለች። እንደገና ይጮሃል። እንደገና "ሃሎ?"። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

በኮምፒውተር ትልቅ አድርጌ "እባክዎ መሣሪያውን ይገልብጡ" የሚል ወረቀት አትሜ ለጠፍኩ። ዞር ብላም አላየችው። አንዴ ብቻ "ይሄ የማን ማስታወቂያ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ዘዴውን ያመጣችው እህቴ ናት። ወፍራም እስክሪብቶ ሰጠቻትና "ለራስሽ ምን ብለሽ ትጽፊለታለሽ?" አለቻት። እናቴ ትንሽ አሰበችና "ሲጮህ ገልብጪኝ" ብላ ጻፈች። ክዳኑ ላይ ለጠፍነው። የራሷን የእጅ ጽሑፍ ታምናለች፣ የሌላ ሰው አታምንም። ማሽኑንም ከስልኩ አርቀን ደብተሩ አጠገብ አስቀመጥነው። ለመልመድ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀባት፣ አሁን አብዛኛውን ቀን በመጀመሪያው ጩኸት ታነሳዋለች።

ሁለተኛው ምሬቴ ይብሳል። ማሽኑ ሲገለበጥ ወደ ስልካችን "ተወስዷል" የሚል መልእክት ይልካል፣ አረንጓዴ ምልክት አድርጎ። ሐሰት ነው። የሚያውቀው መገልበጡን ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አረንጓዴ እያየሁ ተደስቼ ስኖር እህቴ ልብስ ልታጥብ የእናቴን ሹራብ ኪስ ብትፈትሽ አራት ኪኒን አገኘች። ውሃ ልታመጣ ትነሳለች፣ ኪኒኑን ኪሷ ትከተዋለች፣ መንገድ ላይ ትረሳዋለች። ራይቱን ግን አስቀድማ አድርጋለች። አምራቹ "ወጥቷል" ብሎ ቢጽፍ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ነች፣ ግን እኛን አዘናግታናለች።

መፍትሔው ርካሽ ነበር። ውሃ የሞላ ብርጭቆ ማሽኑ አጠገብ፣ እስክሪብቶው ከብርጭቆው ወዲያ። ውሃው ሳይጠጣ እስክሪብቶው ላይ አይደረስም። መልእክቱ ሲመጣ ደግሞ እንደውላለን። "ወሰድሽ?" ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው፣ ማን መርሳቱን ማመን ይወዳል! እኛ የምንላት "ብርጭቆው ባዶ ነው? ደብተሩስ ላይ ምን ይላል?" ነው። ታነብልናለች፣ በኩራት።

ይህ መልእክት የጠቀመን ሌላ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለእነዚህ ሕመምተኞች ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። በእኛ ቤት ከዚያም ሳይበልጥ አይቀርም ነበር፣ ሁሉም ነገር እህቴ ጫንቃ ላይ ነው። መልእክቱ ለሁለታችንም መምጣት ከጀመረ ወዲህ "አላወቅኩም ነበር" የምትለዋ ሰበቤ ቀረች። የጠዋቱ ስልክ የእኔ ሆነ።

ልትገዙ ካሰባችሁ ከመሙላታችሁ በፊት ፋርማሲስት ጠይቁ። አንዳንድ ኪኒን ከማሸጊያው ከወጣ እርጥበት ያበላሸዋል። ሽሮፕ፣ ጠብታ፣ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ መድኃኒት አይገባበትም፣ ሲያም ብቻ የሚወሰድ ማስታገሻም እዚህ ቦታ የለውም። ደግሞ ማሽኑን ቆልፋችሁ መሳቢያውን አትርሱት። የእናቴ መሳቢያ ውስጥ ለአለርጂ የተገዛ የድሮ ዳይፈንሃይድራሚን ነበር፣ እሱ ደግሞ የአልዛይመር ሕመምተኞችን መደናገር የሚያባብስ መድኃኒት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ሐኪሙን "የሚወሰድበትን ጊዜ መቀነስ ይቻላል ወይ?" በሉት። እናቴ ዶኔፔዚል የሚባለውን የአልዛይመር መድኃኒቷን ማታ ስትወስድ ቅዠት አላስተኛ ብሏት ነበር፣ ሐኪሟ ወደ ጠዋት አዞረላት፣ ሁለት ጩኸት የነበረው አንድ ሆነልን።

በአምስተኛው ወር ማሽኑን "አውጡልኝ" ማለት ጀመረች። በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ሆነች። በሽታው ባሰባት ብለን ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ደብተሩን አየሁት፣ ያ ቀጥ ያለ መስመር ተንጋዷል፣ ቁጥሮቹ ከዓምዱ ወጥተዋል። አልዛይመር በሁለት ቀን እንዲህ አይሮጥም። ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። ታክማ ጥቂት ቆይቶ መስመሩም ተቃና፣ እሷም ተመለሰች። ስልኬ ላይ በዚያ ሰሞን ሁሉም አረንጓዴ ነበር።

ለማን ይሆናል? ድምፅ ሰምቶ ከድምፁ ጋር አንድ ሥራ ማያያዝ ለሚችል፣ ብዙ ሰዓት ብቻውን ለሚውል ሰው። በሽታው ከዚያ ከገፋ ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ መድኃኒቱን በእጁ የሚሰጥ ሰው ነው የሚያስፈልገው። እኛም አንድ ቀን እዚያ እንደምንደርስ እናውቃለን። ገና እየረሳ ደግሞ መውሰድ ላልጀመረ ሰው ግን የሰባት ቀኑ ተራ ሳጥን ይበቃዋል።

ባትሪውን ረስቼው። ሊያልቅ ሲል ማስጠንቀቂያ ወደ ስልክ ይልካል ይላል መመሪያው። ለእኛ አልላከም። ባለፈው ቅዳሜ ልሞላ ስሄድ እናቴ ስለ ማሽኑ ምንም አላነሳችልኝም፣ ደህና ነው ወይ ስላት "ምን ይሆናል?" አለችኝ። ደብተሩን ከፈትኩ። ከሐሙሱ ራይት ጎን፣ በጠባቧ ቦታ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ "ቀይ መብራት በርቷል። እረሳዋለሁ። ለልጄ ይነገር።"