«የውድድር ፍሬን ፓኬጅ» ሊሸጥላችሁ ከመጣ፣ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ በተለይ ቪትዝና ኮሮላ የምትነዱ፣ በቴሌግራም እየዞረ ያለ አንድ ሽያጭ አለ። «ለመጀመሪያ የትራክ ቀን የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ላይ» ይላል፤ ትራክ የሚሉት የመኪና ውድድር ሜዳውን ነው። አራት የተበሳ ዲስክ፣ «የሬስ» የፍሬን ሸራ፣ አንድ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት፣ ያገለገለ «ሴሚ ስሊክ» ጎማ፣ ከዚያ ሄልሜትና የሞተር ጉልበት ይጨምራል የተባለ ቺፕ። «ዱባይ ትራክ ላይ የተፈተነ፣ ሐረጎ ላይ የማይከዳ» የሚል ፎቶ ተለጥፎበታል፤ ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ግማሹን ቅድሚያ በስልክ ታስተላልፋላችሁ፣ ደረሰኝ የለም፣ የተገጠመ ዕቃ አይመለስም።

መጀመሪያ አንዱን ነገር እንጨርሰው። አብዛኛው ቪትዝ ኋላው ዲስክ የለውም፣ ታምቡር ነው። ለቪትዝ አራት ዲስክ የሚሸጥ ሰው መኪናውን ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየውም ማለት ነው። ሌላውን ባታነቡ ይቺ ትበቃችኋለች።

ብዙው ዕቃ ፎርጅድ ነው። ግን የባሰው እሱ አይደለም፤ ኦሪጅናል ቢሆን እንኳ ለኛ መንገድ አይሆንም። ቁጥሩን እንየው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ልዩነቱ 650 ሜትር ነው። ሰው ጭኖ 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ አንድ ቦታ መዋጥ ያለበት ጉልበት 7.6 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይኸው መኪና በሰዓት 100 እየሄደ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ፍሬኑ የሚውጠው 460 ሺህ ጁል ነው። ሐረጎን በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው፣ ንፋሱና የጎማው ግጭት የሚቀንሱለት እንዳለ ሆኖ፣ ከ100 ወደ ዜሮ አሥራ ስድስት ጊዜ እንደቆመ ቁጠሩት።

ታዲያ ይህማ የሬስ ፍሬን ይፈልጋል ትሉ ይሆናል። ሻጩም የሚጫወተው እዚቹ ላይ ነው። ትራክ ላይ ፍሬን በጣም ይግላል፣ ግን ለአጭር ጊዜ ተረግጦ ይለቀቃል፤ ከዚያ ቀጥታው መንገድ ላይ በ150 እና በ200 ሲበር ንፋሱ ያቀዘቅዘዋል። አንዴ ትራክ ላይ ሲገባ የሚነዳው ብዙውን ጊዜ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ነው፤ የመጨረሻውን ዙር ደግሞ ፍሬን ሳይነኩ ቀስ ብለው እየነዱ ያበርዱታል። እኛ ጋ ከተጫነ ሲኖትራክ ኋላ በ25 እየተጎተትን፣ እግር ፍሬን ላይ እንደተጫነ ነው የምንወርደው። የሚያቀዘቅዝ ንፋስ የለም፣ የማብረጃ ዙር የለም። ዕቃው የተሠራው ለሌላ ዓይነት ሙቀት ነው።

ሸራው ላይ እንቆይ። እውነተኛ የሬስ ሸራ ካልሞቀ አይነክስም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ገና ሳይለቅ፣ ፒያሳ ላይ ሰው ድንገት ቢገባባችሁ የመጀመሪያው ርግጫ ላይ መኪናው ይሄዳል እንጂ አይቆምም። በዚያ ላይ ዲስኩን ይበላል፣ ይጮኻል። ከመግዛታችሁ በፊት የሸራውን ጠርዝ ወይም የብረቱን ጀርባ አዙራችሁ እዩ። በረድፍ ከታተመው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። «ኢ» (E) ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» (F) ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» (G) ከ0.45 እስከ 0.55 የመያዝ አቅም ነው። የመጀመሪያው ፊደል በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን ይናገራል። «ኤፍ ኤፍ» ከሆነ ሲግልም ያው ነው፤ ለሐረጎ የሚፈለገውም እሱ ነው። «ኤፍ ኢ» ከሆነ ሲሞቅ ይደክማል፣ ተዉት። በፓኬጁ ፎቶ ላይ ያሉት ሸራዎች ቀይ ቀለም እንጂ ፊደል የላቸውም። ጠርዙን በጥፍር ጫር አድርጉት፤ እንደ ደረቅ ጭቃ ከተፈረፈረ ገበያው እዚያው ያብቃ።

አዲስ ሸራ ሲገጠም ደግሞ መለማመድ አለበት። ሜዳማ መንገድ ላይ፣ ጠዋት መኪና ሳይበዛ፣ ከ60 ወደ 10 ገደማ አሥር ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ቀንሱ፤ ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። ከዚያ አምስት አሥር ደቂቃ ፍሬን ሳትነኩ ንዱት። ይህን ሳያደርግ አስገጥሞ በቀጥታ ቁልቁለት የገባ ሰው ሸራውን ያቃጥለውና «ኮፒ ሸጡልኝ» ይላል፤ አንዳንዴ ሸራው ምንም ጥፋት የለበትም።

ዲስኩ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። ተራ ዲስክ ተገዝቶ በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ ይቀባል፣ «ሬስ» ይባላል። የፊት ዲስክ መሃሉ ንፋስ የሚያልፍበት ክፍት ነው፤ ሁለቱን ገጽ የሚያያይዙ ቀጫጭን የብረት ግድግዳዎች አሉት። ቶርኖ ቤቱ ቀዳዳውን በግድግዳው ላይ አሳልፎ ሲበሳው ዲስኩ የሚደገፍበትን ያጣል፤ ሲግልና ሲበርድ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይሰነጠቃል። የቀዳዳውን አፍ በጣት ዳሱት። ስለቱ ሳይሞረድ ከቀረ በቤት የተበሳ ነው። ሌላው ማወቂያ፣ ደህና ዲስክ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ታትሞበታል፤ እነዚህ ላይ ያ ቁጥር ተሞርዶ ጠፍቷል ወይም በቀለም ተሸፍኗል።

የፍሬን ዘይቱ ግን ከሁሉም የከፋው ነው፣ ምክንያቱም አይታይም። በፓኬጁ ያለው «ዶት 5» የሚል ጠርሙስ ነው፤ ሻጩ «ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጥሩ ነው» ይላችኋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 አንድ ዘር ናቸው፣ ይደባለቃሉ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከነሱ ጋር አይዋሃድም፣ ኤቢኤስ (ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን) ላለው መኪናም አይሆንም። ነጥቧ አንድ ናት፣ 5 እና 5.1፣ ልዩነቷ ግን ሙሉ ፍሬን ነው። ትራክ ላይ የሚነዱ ሰዎች ራሳቸው የሚያደርጉት ከፍ ያለ ሙቀት የሚችል ዶት 4 ነው።

የሚፈላበትን ልክ እወቁት። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲስብ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የገባበት 155። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ክረምቱን ሙሉ በጭጋግ የሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ እርጥበት አይጠፋም። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆንና ወለል ይነካል። ቆማችሁ ስታበርዱት ይመለሳል፤ ብዙ ሰው «ተስተካከለ» ብሎ የሚቀጥለው ያኔ ነው። ዘይቱ ግን ያው ነው፣ የሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ እንደገና ይፈላል።

ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ለትንሽ መኪና አንድ ሊትር ይበቃል። የታሸገ፣ አፉ ላይ ፎይሉ ያልተነካ ጠርሙስ ይሁን፤ «ትንሽ ተርፎኝ ነው» የተባለ ክፍት ጠርሙስ በነፃም አትቀበሉ። አየር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከሩቁ ጎማ ነው፦ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። ቅደም ተከተሉ የሚለይ መኪና ስላለ ማኑዋሉ የሚለውን አስቀድሙ። የአየር ማውጫዋ ቡሎን 8 ወይም 10 ቁጥር መፍቻ ትወስዳለች። ንጹሕ ቱቦ፣ ግልጽ ጠርሙስ፣ ቡናማው አልቆ ንጹሑ እስኪመጣ። ላይ ያለው ማጠራቀሚያ ባዶ እንዳይሆን አንድ ሰው ዓይኑን አይንቀል፤ ባዶ ከሆነ አየር ይስብና ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። የወጣውን ዘይት አጣርቶ የሚመልስ መካኒክ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉት።

ጎማው ላይ የሚሠራው ማታለል ደግሞ የሀገራችንን ካላንደር ይጠቀማል። በጎማው ጎን ሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው፤ ዓመቱ የፈረንጅ ነው። 2016 የሚል ቁጥር ሲያሳያችሁ ሻጩ «የ2016 ነው፣ ገና ትናንት» ይላል። እሱ የ2016 ዓመተ ምሕረት አይደለም። 20ኛው ሳምንት፣ የፈረንጆች 2016 ማለት ነው፤ በኛ ግንቦት 2008። ጎማው ገና ትናንት ሳይሆን ወደ አሥር ዓመቱ ነው። ቁጥሩ በአንድ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ወደ ውስጥ ዞሮ ተገጥሞ ከሆነ ክሪክ አስነስታችሁ፣ በስልክ መብራት ከታች ገብታችሁ አንብቡ። «ፎቶውን ልላክልህ» አይበቃም፤ የሌላ ጎማ ፎቶ ይላካል።

ተቆፍሮ የታደሰም አለ። ቦዩ ውስጥ ጎማው 1.6 ሚሊ ሜትር ሲቀረው የሚታዩ ትንንሽ ድልድዮች አሉ። በጋለ ቢላ የተቆፈረ ጎማ ላይ ድልድዮቹ ተቆርጠዋል፣ ቦዩ ጥልቅ ይመስላል፣ ከሥሩ ያለው ጎማ ግን ቀጭን ነው። ድልድዩን ካላገኛችሁት አትግዙ። ሴሚ ስሊክ የተባለው ደግሞ ድሮም ቦዩ ጥቂት ነው፤ በሐምሌ ዝናብ ሐረጎ ላይ ውሃውን የሚያወጣበት የለውም። ብርድ ላይም ይደርቃል።

«ትራክ ላይ ንፋስ ይቀነሳል፣ እናንተም ቀንሱ» የሚለው የሻጮቹ ምክር እውነት የተቀላቀለበት ውሸት ነው። ትራክ ላይ የሚቀነሰው ጎማው በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ሞቆ ንፋሱ በብዙ ስለሚጨምር ነው፤ ወዲያው ተለክቶም ይስተካከላል። ደሴ ላይ ቀንሶ ጭነት ጭኖ የወረደ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። የሾፌሩ በር ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ያዙ፤ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለኩ። የከፍታው ልዩነት ኮምቦልቻ ላይ በመለኪያው አንድ ፒኤስአይ ያህል ይቀንሰዋል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ መልሶ ይሞላዋል። ስለዚያ አትጨነቁ።

ሄልሜቱ የሞተር ሳይክል ነው። ትራኮች ብዙዎቹ ለመኪና እሳት የሚቋቋመውን «ኤስኤ» የሚል ማኅተም ያለበት ይጠይቃሉ፤ «ኤም» የሚለው የሞተር ነው፣ በሩ ላይ ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ቺፑን ተዉት። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር የሚጎድለው አየር ነው፣ ቺፕ አየር አይጨምርም።

ገንዘባችሁን የምታወጡበት ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ መጀመሪያ የፍሬን ዘይት፣ ቀጥሎ ፊደሉ የሚነበብ ተራ ሸራ፣ ቀጥሎ ቀኑ የታወቀ ጎማ፣ መጨረሻ ላይ የዳዶ (ጎማውን የሚይዘው ቡሎን) ጥብቀት። የመጨረሻዋ በነፃ ናት፣ ግን ብዙ ቸርኬ ያበላሸችው እሷ ናት። ለቪትዝና ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ጎሚስታው ግማሽ ሜትር ቧንቧ ሰክቶ፣ 70 ኪሎ ሰውነቱን ጫፉ ላይ ሲያቆም 340 ይደርሳል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ። ቡሎኑ ይለጠጣል፣ ዲስኩ ይጣመማል፣ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳባችሁ በመኪናው መፍቻ አትፈቱትም። ቶርክ መፍቻ ያለው ጋራዥ ፈልጉ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ እንደገና አስፈትሹ። ስትወርዱ ሁለተኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ «2» ወይም «ኤል»፤ ኒውትራል በጭራሽ። ወርዳችሁ ስትቆሙ የጋለውን ፍሬን ረግጣችሁ አትቆዩ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ጣሉ።

ገንዘብ የላካችሁ ካላችሁ፣ የማስተላለፊያውን መልእክትና የቴሌግራሙን ንግግር ሳይሰረዝ በስክሪንሹት አስቀሩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፤ ደረሰኝ ስላልሰጡ መያዣችሁ ያ መልእክት ነው። ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ዶት 5ቱ ተጨምሮ ከሆነ ግን ከዚያ በፊት መኪናዋን አቁሟት። ማጠራቀሚያውን ክፈቱ፤ ሐምራዊ ቀለም ካያችሁ ወይም ዘይቱ ሁለት ንብርብር ሆኖ ከተለያየ እሱ ነው። ላዩን ቀድቶ ማውጣት አይበቃም። ቱቦው ሁሉ መታጠብ፣ ጎሚኒዎቹም መፈተሽ አለባቸው፤ እስከዚያ ድረስ ጋራዥ የምትደርሰው ተጎትታ ነው።