በጦር አጋር ገበያ፦ ደጋፊ ኃያል፣ የጥሬ ገንዘብ ሻጭ ወይስ የጋራ መከላከያ ማኅበር?

አንድ መንግሥት የጦር አጋሩን ሲቀይር የሚወጣው መግለጫ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ሉዓላዊነትና ስለ ርዕዮተ ዓለም ነው። ከመግለጫው ጀርባ ያለው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። የድሮው አጋር ጥይትና መለዋወጫ ከልክሏል፣ ወይም ሊከለክል መሆኑ ታውቋል፣ ወይም ጎረቤት ታጥቆ ተነሥቷል። መሪው የሚፈራው ድንበር ማዶ ያለውን ጠላት ሳይሆን የራሱን ጄኔራሎች የሚሆንበትም ጊዜ አለ።

ይህን ንጽጽር የጻፍኩት ለገዢ ነው። ፈራሚው መሪው ቢሆንም ከፋዩ ግብር ከፋዩና ልጁን ወደ ግንባር የሸኘው ቤተሰብ ነውና፣ ዕቃውን አገላብጦ ማየት ለሁላችንም የተፈቀደ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገበያው ላይ ያለው ዕቃ ሦስት ዓይነት ነው። ደጋፊ ኃያል መሣሪያውን በእርዳታ ወይም በረጅም ብድር ሰጥቶ በምትኩ ጦር ሰፈር፣ ወደብ ወይም ታማኝነት ይቀበላል። የጥሬ ገንዘብ ሻጭ ሂሳቡን ተቀብሎ ዕቃውን ያስረክባል፤ ከዚያ ወዲያ ዘመድም ባለጋራም አይደለም። የጋራ መከላከያ ማኅበር ደግሞ «አንዱ ሲነካ ሁላችንም እንደተነካን ይቆጠራል» የሚል ወረቀት ያስፈርማል።

ደጋፊ ኃያል፦ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ጎን ለጎን

የመጀመሪያውን ዓይነት ለመመዘን ከእኛው ሠፈር የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ዕቃ ከሁለት ተቀናቃኝ ሱቆች ሲገዙ ኖረው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሱቅ ተለዋወጡ።

ኢትዮጵያ በ1953 ከአሜሪካ ጋር ሁለት ውሎች ፈረመች። በአንዱ መሣሪያና ሥልጠና ታገኛለች፤ በሌላው አሜሪካ አስመራ ያለውን የቃኘው የሬዲዮ መገናኛና ስለላ ጣቢያ ለ25 ዓመት ትገለገልበታለች። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቶ ስለነበር ኢትዮጵያ ለድርድር የቀረበችው ባዶ እጇን አልነበረም። ሶማሊያ በበኩሏ ምዕራባውያን ያቀረቡላትን አነስተኛ እርዳታ ትታ በ1963 ከሶቭየት ኅብረት 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወታደራዊ ብድር ወሰደች። በ1974 የወዳጅነት ውል ተፈረመ፤ የበርበራ ወደብም ለሶቭየት ባሕር ኃይል ተከፈተ።

ሁለቱም ሻጮች የፈለጉት ቦታውን ነው። የቦታው ጥቅም ሲቀንስ ደግሞ ዘመኑ ሳያልቅ የውሉ ነፍስ ትወጣለች። ሳተላይት መጥቶ የቃኘው አንቴናዎች ሥራ ሲቀንስ ዋሽንግተን ጣቢያውን ማጠፍ ጀመረች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1973 ራሳቸው ሄደው ሶማሊያ እየታጠቀች ነውና መሣሪያ ስጡን ቢሉ የጠየቁትን ሳያገኙ ተመለሱ። ውሉ ሊያበቃ ገና አምስት ዓመት ይቀረው ነበር።

ከአብዮቱ በኋላም ሽያጩ ለጥቂት ጊዜ ቀጥሎ በ1976 አዳዲስ ኤፍ-5 ጄቶች ደብረ ዘይት ገብተዋል። በየካቲት 1977 የካርተር አስተዳደር በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት እርዳታውን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ደርግም በሚያዝያ ቃኘውን ጨምሮ የአሜሪካን ወታደራዊ ተቋማት ዘጋ። እዚህ ላይ ለገዢ የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉ ነው። ደርግ በሩን የዘጋው ከሞስኮ ጋር የመጀመሪያውን የመሣሪያ ውል በታኅሣሥ 1976 በምስጢር ከፈረመ በኋላ ነው። አዲሱን ሳይዝ አሮጌውን አልጣለም።

የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ የሄዱበት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1977 ክረምት ጦራቸውን ወደ ኦጋዴን አስገቡ። አሜሪካ የመከላከያ መሣሪያ ለመስጠት ፍላጎት አሳይታ ነበር፤ መደበኛ ጦራቸው ድንበር መሻገሩ ሲገለጥ እጇን ሰበሰበች። ሞስኮም መሣሪያ ማቆሟን አሳወቀች። እሳቸው ግን በኅዳር የሶቭየት አማካሪዎችን አባረሩ፣ ውሉን ሰረዙ፣ ከኩባም ጋር ግንኙነት አቋረጡ። ተተኪ ሻጭ በእጃቸው አልነበረም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሚታወቅ ነው። አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት የሶቭየት መሣሪያ በአየርና በባሕር ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ፤ ከአሥር ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች መጡ፤ የሶቭየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ ከኢትዮጵያ አዛዦች ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። በመጋቢት 1978 መጀመሪያ ጅጅጋ ተመለሰች፤ ሶማሊያም ጦሯን እንደምታስወጣ አስታወቀች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ክፍል አለ። ያ ሁሉ የሶቭየት ታንክ ከመድረሱ በፊት የሶማሊያን ሚጎች ሰማይ ላይ የመከታቸው አሜሪካ ሠራሹ ኤፍ-5 ነው፤ አብራሪዎቹም በአሜሪካ ሥርዓት የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አውሮፕላኑ እንዳይቆም የረዳችው ሞስኮ ሳትሆን እስራኤል ናት። አዲሱ ታንክ ሲደርስ ደግሞ የሚያሽከረክረው በቂ ሰው አልነበረም፤ ታንከኛ በሁለት ወር አይሠለጥንምና ኩባውያን የመጡት ለዚህም ጭምር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ሶማሌ ተራ መለዋወጫው ይገኝ እንደሆን ይጠይቃል፤ ጄት የሚገዛ መንግሥትም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ አይገባም።

ሂሳቡስ? ሶማሊያ ከአሜሪካ ጋር ስምምነት ላይ የደረሰችው በ1980 ነው፤ በርበራን ሰጥታ ያገኘችው ከሞስኮ ታገኝ ከነበረው ጋር የማይወዳደር ትንሽ እርዳታ ነበር። የያዘችው የሶቭየት መሣሪያ ያለ መለዋወጫ አረጀ። ኢትዮጵያ ያሸነፈች ብትሆንም ክፍያዋ ቀላል አልነበረም። በ1978 መገባደጃ የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ፈረመች፤ የሶቭየት ባሕር ኃይል ዳህላክ ላይ ሰፈረ፤ በሰሜኑ ጦርነት የተቃጠለው መሣሪያ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ዕዳ ሆኖ ተመዘገበ፤ ሩሲያ አብዛኛውን የሰረዘችው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የሶቭየቱ መሪ ጎርባቾቭ ሲመጡ ደግሞ ሞስኮ ጦርነቱን በፖለቲካ ፍቱት ማለት ጀመረች፤ የኩባ ወታደሮችም በ1989 ጠቅልለው ወጡ። ሞስኮን የወሰዳት ሞስኮ ውስጥ የተለወጠ ሐሳብ ነው፤ ዋሽንግተንንም ያቀዘቀዛት በከፊል የራሷ ሳተላይት እንደነበረው ማለት ነው። ደጋፊ ኃያል የሚወጣው በራሱ ሰዓት ነው፤ ገዢው ይህን ቀን ከፊርማው ዕለት ጀምሮ ሊያስብበት ይገባል።

ሱቅ መቀየርን በደንብ ያወቁበት የግብፁ ፕሬዝዳንት አንዋር ሳዳት ናቸው። በ1972 ከአሥር ሺህ በላይ የሶቭየት አማካሪዎችን አሰናበቱ፤ መሣሪያው ግን መምጣቱን አላቆመም፤ ከእስራኤል ጋር የ1973ቱን ጦርነትም የተዋጉት በዚያው መሣሪያ ነው። የወዳጅነት ውሉን የሰረዙት በ1976 ነው። ያም ሆኖ ክፍተት ነበረው፤ ሞስኮ መለዋወጫ ስትከለክላቸው ለሚጎቻቸው ሞተር ከቻይና መለመን ነበረባቸው። የአሜሪካ ጄት የመጣላቸው ከእስራኤል ጋር ሰላም ከፈረሙ በኋላ በ1979 ነው። ካይሮ ከ1980ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ በየዓመቱ የምታገኘው 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወታደራዊ እርዳታ በዚያ ሰላም ላይ የቆመ ነው። በጥሩ ሁኔታ የተመራ ሽግግር ሰባት ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በስድስት ወር እጨርሳለሁ የሚል መከላከያ ሚኒስትር ካለ ይህን ያንብብ።

የጥሬ ገንዘብ ሻጭ

ስለዚህኛው ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር ኢትዮጵያ ሱ-27፣ ኤርትራ ሚግ-29 ጄቶች ገዙ፤ ሁለቱም ሩሲያ ሠራሽ ናቸው። ሻጩ ማን ያሸንፋል ብሎ አልጠየቀም። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፤ ሰብአዊ መብት፣ ምርጫ፣ ጦር ሰፈር የሚባል ጥያቄ የለበትም። ድክመቱ የሚታየው ሌላው ዓለም በሩን ሲዘጋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በግንቦት 2000 በሁለቱም ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ ሲጥል፣ በሻጩ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ሊጠለል የቻለ ገዢ አልነበረም። ዛሬ በዚህ መደብ ጎልታ የምትታየው ቱርክ ናት፤ ከኢትዮጵያ ጋር በ2021፣ ከሶማሊያ ጋር በ2024 የመከላከያ ስምምነት ፈርማለች።

ራሷ ቱርክ ደግሞ ከሁለት ሱቅ በአንድ ጊዜ መግዛት ምን እንደሚያስከፍል አይታለች። አሜሪካና አውሮፓውያን የተሰባሰቡበት የጦር ማኅበር የኔቶ አባል ሆና ኤስ-400 የተባለውን የሩሲያ አየር መከላከያ ገዛች። በ2019 የመጀመሪያው ጭነት አንካራ በገባ በቀናት ውስጥ አሜሪካ ከኤፍ-35 ጄት ፕሮግራም አስወጣቻት፤ የጄቱን ክፍሎች ከሚያመርቱት አገሮች አንዷ ሆና ሳለ።

የጋራ መከላከያ ማኅበር፦ ፊንላንድና አርሜኒያ

ወረቀቱን ብቻ ያነበበ ገዢ እዚህ ይሳሳታል። የኔቶ አምስተኛ አንቀጽ እያንዳንዱ አባል «አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን» እርምጃ ይወስዳል ነው የሚለው፤ ጦር ላክ ብሎ አያስገድድም። ሩሲያ የምትመራው የጋራ ደኅንነት ውል ድርጅት አራተኛ አንቀጽ ግን አባላት ወታደራዊውን ጨምሮ አስፈላጊውን እርዳታ ወዲያውኑ እንዲሰጡ ያዝዛል። በቃል ከሆነ የሁለተኛው ይበረታል።

በተግባር ግን እንዲህ ሆነ። በመስከረም 2022 አዘርባጃን የድርጅቱን አባል አርሜኒያን ስታጠቃ አርሜኒያ አራተኛውን አንቀጽ ጠራች። የመጣላት አጣሪ ቡድን ነው። ሩሲያና ቤላሩስ ራሳቸው ለአዘርባጃን መሣሪያ ሲሸጡ የኖሩ ነበሩ። የሚያስገርመው፣ ያው ድርጅት በዚያው ዓመት ጥር ላይ የካዛኽስታን ፕሬዝዳንት በሕዝብ ተቃውሞ ሲናጡ በቀናት ውስጥ ወታደር ልኮ ነበር፤ ውሳኔውን በተራ ሊቀ መንበርነታቸው ያስታወቁትም የአርሜኒያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኒኮል ፓሺንያን ናቸው። ማኅበሩ የሚጠብቀው ወንበር እንጂ ድንበር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም። በመስከረም 2023 ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር የተፈራረሙት ውልም ለእኔ ከዚሁ ወገን ነው፤ የተፈረመው የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ኤኮዋስ የኒጀርን መፈንቅለ መንግሥት በኃይል እቀለብሳለሁ ብሎ በዛተ ማግሥት ነውና።

ፊንላንድ ከሩሲያ ጋር 1,340 ኪሎ ሜትር ድንበር አላት። በግንቦት 2022 አመልክታ በሚያዝያ 2023 የኔቶ 31ኛ አባል ሆነች። አብራ ያመለከተችው ስዊድን ግን ቱርክና ሃንጋሪ አጓትተውባት እስከ መጋቢት 2024 ጠብቃለች፤ የእያንዳንዱ አባል ፈቃድ ያስፈልጋልና ይህ የማኅበር መግቢያ ዋጋ ነው። የፊንላንድ ልዩነት ለማኅበሩ ይዛ የመጣችው ነው። ብሔራዊ ውትድርናዋን አልተወችም፤ በጦርነት ጊዜ 280,000 ሰው ታሰልፋለች፤ 64 ኤፍ-35 ለመግዛት የወሰነችውም ሩሲያ ዩክሬንን ከመውረሯ በፊት በታኅሣሥ 2021 ነው። ኔቶን ከሌላው የሚለየው ጽሑፉ አይደለም፤ የጋራ እዝ፣ ልምምድ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ የጦርነት ዕቅድና በአባል አገር መሬት ላይ የሰፈረ የሌላ አባል ወታደር ነው። ማኅበር የሚገዛ ሰው አንቀጹን አስቀምጦ እነዚህን አራቱን ይቁጠር።

ለማን የቱ?

ለአፍሪካ ቀንድ ገዢ ሦስተኛው ዓይነት በተግባር መደርደሪያው ላይ የለም። የአፍሪካ ኅብረት በ2005 የጋራ መከላከያ ውል አጽድቋል፤ ከላይ የቆጠርናቸውን አራቱን ነገሮች ግን አሟልቶ አልያዘም። ስለዚህ ምርጫው በደጋፊና በጥሬ ገንዘብ ሻጭ መካከል ነው። ጦርነቱ ደጅ የደረሰበት መንግሥት ደጋፊ ቢይዝ አልፈርድበትም፤ በ1977 ሌላ መንገድ ነበር ለማለት ይከብደኛል። ጊዜ ያለው ግን ከሁለትና ከሦስት ሻጭ ቀስ ብሎ ቢገዛ፣ ከሁሉም በላይ ጥገናውንና ጥይቱን አገር ውስጥ ቢያስገባ ይሻለዋል፤ ጉዳቱ የመሣሪያው ዓይነት በበዛ ቁጥር ሥልጠናውና መጋዘኑም መብዛቱ ነው።

ፊርማ ላይ ከመድረሱ በፊት ደግሞ የመውጫ አንቀጹን ይፈልግ። አርሜኒያ በ2024 መጀመሪያ በድርጅቱ ያላትን ተሳትፎ አግዳለች፤ መድፍና ራዳር ከፈረንሳይ፣ ሮኬት ከሕንድ እየገዛች ነው። ጊዩምሪ በተባለችው የአርሜኒያ ከተማ ያለው 102ኛው የሩሲያ ጦር ሰፈር ግን በቦታው ነው፤ በ2010 የተራዘመው ውል የሚያበቃው በ2044 ነው።