የዶልፊኗ የኋላ ፓውዛ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ

በኋላ ማርሽ ስሄድ መንገዱን የሚያበራልኝን ፓውዛ የገጠምኩት ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ሐምሌ ገብቷል። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድም ማታ ሳላበራው የቀረሁ አይመስለኝም፣ ስለዚህ ጥሩውንም መጥፎውንም ልናገር።

መኪናዋ ዶልፊን የምትባለው የቶዮታ ሚኒባስ ናት። ፋይቭ ኤል ሞተር፣ ሦስት ሊትር ናፍታ፣ ዕድሜዋን አትጠይቁኝ። ጠዋትና ከሰዓት የተማሪ ሰርቪስ ትሠራለች፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ወይ ለቅሶ ከተገኘ እዚያው ናት። ቤቴ ደግሞ ከኮብልስቶኑ ገባ ብሎ፣ መጨረሻው ዝግ የሆነ ቅያስ ውስጥ ነው። መዞሪያ የለም። ሃምሳ ሜትር ያህል በኋላ ማርሽ እየሄድኩ ነው ግቢ የምገባው፣ በግራ ቦይ፣ በቀኝ የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር። ከፋብሪካ የመጣው የሪቨርስ መብራት ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖል ነው። ሽፋኑ ከዕድሜ ብዛት ደብዝዟል፣ የኋላ መስታወቱም ጥቁር ላስቲክ ተለጥፎበታል። መብራት የጠፋ ቀን ምን ይታያል? ምንም! ልጄን አውርጄ «ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ቁም!» እያስባልኩ ነበር የምገባው። እሱ ከሌለ ደግሞ በግምት።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሁለት ሃሎጅን ፓውዛ ገዛሁ፣ እያንዳንዳቸው 55 ዋት። ሰፈር ያለው ኤሌክትሪሻን የድሮውን የሪቨርስ አምፖል ሽቦ ላጥ አድርጎ እዚያው ላይ ቀጠለልኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ያን ማታ መንገዱ ቀን መሰለ፣ እኔም በደስታ ለሁሉም አሳየሁ።

በሦስተኛው ቀን ፊውዙ ተቃጠለ። ሒሳቡን ቤቴ ቁጭ ብዬ ስሠራው ሳቄ መጣ። ሁለቱ ፓውዛ 110 ዋት ነው፣ በ12 ቮልት ስታካፍሉት 9 አምፔር ይሆናል። የድሮዎቹ አምፖሎች 3.5 ይጨምሩበታል። ፊውዙ 10 ነው። ምን ይሁን ታዲያ? የከፋው ግን ይሄ አይደለም። የእኔ መኪና ላይ ያ ፊውዝ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ላይ ያሉትን የነዳጅና የሙቀት ጌጆችም ነው የሚያሠራው። አላስተዋልኩም። በማግስቱ ጠዋት ተማሪ ጭኜ ዳገት ስወጣ የሙቀቱ ቀስት ተኝቶ አየሁ፣ ሞተሩ ቢፈላ የሚነግረኝ የለም ማለት ነው። ዳር ይዤ ቆምኩ። ኤሌክትሪሻኑ ጋ ተመልሼ ስሄድ መፍትሔው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ በፊውዙ ፋንታ ሽቦ እንሰርበትና እንገላገል።» እንዲህ እየተገላገልን ነው መኪና የሚነድደው። አመስግኜ ሄድኩ።

ሁለተኛውን በራሴ ሠራሁት። ሃሎጅኖቹን ለሌላ ሰጠሁና ሁለት ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ አመጣሁ። ሁለቱ ተደምረው 3 አምፔር ነው የሚጠጡት፣ ብርሃናቸው ግን ከሃሎጅኖቹ የሚያንስ አልመሰለኝም። ዋጋውን አልጽፍም፣ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ይቀየራል።

ዋናው ነገር ሪሌዩ ነው። ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ግን በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማለት እንጂ ሌላ አይደለም። እግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 30 ላይ ከባትሪ ቀጥታ የሚመጣውን ሽቦ አስገባሁ፣ ባትሪው አጠገብ የራሱ 10 አምፔር ፊውዝ አለው። 87 ወደ ፓውዛዎቹ ይሄዳል። 86 ላይ የድሮውን የሪቨርስ ሽቦ ቀጠልኩ። 85 ክሩስኮቱ ሥር ባስቀመጥኳት ትንሽ ማብሪያ አልፎ ማሳ፣ ማለትም የመኪናዋን ብረት አካል፣ ይነካል። ስለዚህ መብራቱ የሚበራው ማርሹ ሪቨርስ ላይ ሲሆንና ማብሪያዋ ስትከፈት ብቻ ነው። የድሮው መስመር ከድሮ ጭነቱ ሌላ አሁን የሚሸከመው ሪሌዩን የምትቀሰቅሰውን ቅንጣት ብቻ ነው። ጌጆቹ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠፉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ማብሪያውን ከማርሹ ጋር ሳያገናኙ ቀጥታ የሚያስገጥሙ ሹፌሮች አሉ። ከኋላ ረጅም መብራት አብርቶ የሚከተላቸውን «ለመበቀል» ነው አሉ። አታድርጉት። ወደ ፊት እየሄዳችሁ ከኋላ ነጭ መብራት ካበራችሁ፣ ያኛው ወደ ኋላ እየመጣችሁበት ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ያውም ዓይኑ ታውሮ።

ሽቦው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፊት እስከ ኋላ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፌዋለሁ። ፓውዛዎቹን ከላይ በሩ ላይ ልሰቅል አስቤ ነበር። ግን የዶልፊን የኋላ በር ወደ ላይ ነው የሚከፈተው፣ ሽቦው በማጠፊያው ጎሚኒ (የጎማ ቱቦ) ውስጥ ማለፍ አለበት፣ በቀን ሃያ ጊዜ ሲታጠፍ ውሎ አድሮ ይበጠሳል። ባምፐሩ ሥር አሰርኳቸው። ትክክል ነበርኩ፣ ትንሽ ዋጋ ግን አስከፍሎኛል። እመለስበታለሁ።

ሁለት ወር እንደሠራ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮብልስቶኑ ላይ ጠፋ በራ፣ ጠፋ በራ፣ የሰርግ ቤት መስሎ ቁጭ አለ። ፓውዛው ተበላሸ ብዬ ልቀይረው ነበር። ቴስተር ስይዝበት ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት ያለው ፓውዛው ጋ ሲደርስ 10.8 ሆኗል። ሦስት ቮልት የት ገባ? ማሳውን ፈታሁት። ለካ ቡሎኑን ያሰርኩት ቀለም ላይ ነው! ከሥሩም ዝገት ጀምሮታል። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፈገፈግኩት፣ አጥብቄ አሰርኩ፣ ከላይ ግራሶ ቀባሁ። 13.6 መጣ። ይሄው ነው፣ ሌላ ምንም አልነካሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው «ፓውዛዬ ጠፋ በራ ይላል» ሲለኝ ከመግዛትህ በፊት ማሳውን ፍታው እለዋለሁ።

አቅጣጫውም አስቸግሮኝ ነበር። መጀመሪያ ቀጥ አድርጌ ነበር ያሰርኩት፣ ሩቅ እንዲያሳየኝ። አንድ ማታ ጎረቤቴ እማማ በነጠላቸው ዓይናቸውን ከልለው በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ነጋ እንዴ?» አሉኝ። አፈርኩ። በማግስቱ ወደ መሬት ዘንበል አደረግኩት፣ ብርሃኑ ከባምፐሩ ስድስት ሰባት ሜትር ላይ መሬት እንዲመታ። የሚገርመው እኔም የተሻለ ማየት ጀመርኩ። የቦይዋ ጠርዝ፣ ድንጋይ፣ የተኛ ውሻ፣ ሁሉም ጥላ ይጥላል፣ በጥላው ታውቀዋለህ። ከገዛችሁ ብርሃኑን በሰፊው የሚበትነውን ምረጡ። ጨረሩን ሰብስቦ ሩቅ የሚወረውረው ለኋላ ምን ያደርጋል? ማን በሪቨርስ መቶ ሜትር ሊያይ?

አሁን መጥፎው። ካርቶኑ ላይ አይፒ 67 ይላል፣ ውሃ አያስገባም ማለት ነው። የግራው እውነቱን ነው። የቀኙ ግን ሰኔ አጋማሽ ላይ መስታወቱ ከውስጥ ላብ አወጣ፣ ከዘጠኙ ኤልኢዲዎች ሁለቱ ጠፉ። ፈትቼ ፀሐይ ላይ አደረቅኩትና ዙሪያውን ሲሊኮን ቀባሁት። ጭቃውም አለ። ባምፐር ሥር ስለሆነ በክረምት በሁለት ቀን አንዴ በጨርቅ ካልጠረግኩት ብርሃኑ ቡና ይመስላል። ቀለሙም እንደ በረዶ የነጣ ነው፣ ከባድ ዝናብ ሲዘንብ ጠብታው ላይ ያንጸባርቅና ከኋላ ነጭ መጋረጃ ይዘረጋል። አሁን ብገዛ ወደ ቢጫ የሚያደላውን ነው የምወስደው።

ካሜራ ግዛ የሚሉኝ አሉ። ገዝቻለሁ፣ ከመብራቱ በፊት። ያለ ብርሃን ካሜራው የሚያሳየኝ ጥቁር ስክሪን ነበር፣ አሁን ግን ሁለቱ ተባብረው ጥሩ ይሠራሉ። እንደዚያም ሆኖ ተማሪ ሳወርድ ስክሪኑን አላምነውም። ረዳቷ ወርዳ ከኋላ ማንም እንደሌለ አይታ ጎኑን ሁለቴ ካልመታችልኝ ሪቨርስ አላስገባም።

ለቦሎ ምርመራ ስሄድ ፈትሼ፣ አብርቼ አሳየሁ፣ የተናገረኝ የለም። እናንተን ምን እንደሚሏችሁ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ልጄ አሁን ወርዶ «ና፣ ና» አይልም። ሥራው ተቀይሯል፣ ጨርቅ ይዞ ፓውዛ ጠራጊ ሆኗል። የቀኙ ትናንት ማታ እንደገና ላብ ጀምሮታል፣ ሲሊኮኑም አልያዘውም መሰለኝ። ክረምቱ እስኪወጣ በግራው ፓውዛ እየገባሁ ነው።